የነገን ዛሬ አትብላ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከማን እንደሰማሁ አትጠይቀኝ፤ እህትህንም እንዳትቆጣ። ቤቲንግ ጀምሯል አሉኝ። እሱ ብቻ ቢሆን መክሬህ ባለፍኩ። ደሞዝህ ሳይደርስ በስልክ እየተበደርክ ትኬት ትቆርጣለህ ሲሉኝ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የነገን ዛሬ አትብላ ልጄ።

በላቤ ያገኘሁት ገንዘብ ነው እንዳትለኝ። ገንዘቡም፣ ጤናህም፣ እዚህ ፊቴ ያለው ጣናም አደራ ነው። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው ይላል ዘፍጥረት። መጋቢ ነው ያደረገን፤ መጋቢ ደግሞ ይጠየቃል።

አያትህ መረብ የሚጥለው በጉማራ ወንዝ በኩል እንደነበር ታውቃለህ። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይሄዳል፤ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙም ሳይለፋ ጀልባውን ይሞላል። የናይለን መረብ ከመጣ በኋላማ፣ በ1980ዎቹ ማለት ነው፣ ሰው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። አንድ ዓመት ፍልሰታ እንደተፈታ አባቴ አንዷን ዓሣ ሲያርድ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ሆዷን በቢላዋ ሲከፍተው ቢጫ እንቁላሏ መዳፉ ላይ ተዘረገፈ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ መረቡን አጥቦ ከጣሪያው ሥር ሰቀለው፣ መስከረም እስኪያልቅ አላወረደውም። እናቴ «ልጆቹ ምን ይብሉ?» ብላ አለቀሰች። በጓሮ ጎመን ነው የከረምነው። የጎረቤት ልጆች ለእንቁጣጣሽ አዲስ ጫማ ሲያደርጉ እኔ በአሮጌው ወጣሁ፣ በጣም ተናደድኩበት። በ10 ዓመት ውስጥ ነጭ ዓሣው ወደ ሩብ ገደማ እንደወረደ በኋላ ተመራማሪዎች ጻፉ። እነዚያ ጎረቤቶቻችንም መረባቸውን ባዶውን ይጎትቱ ጀመር። «አባባ፣ ልክ ነበርክ» ሳልለው ሞተ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለምክር ብዬ ጀምሬ ወሬ አበዛሁ። ጤናህን ልምጣበት። ሌሊት የአውሮፓ ጨዋታ ስትጠብቅ ታድራለህ፣ ምሳህን በቡና ታልፋለህ አሉ። ያንን ጨጓራ ይዘህ! ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው የተባለው ለመነኮሳት ብቻ መሰለህ? ደግሞ ይሄን እወቅ፦ እናትህ የግፊት ኪኒኗን አንድ ቀን እየዘለለች ስትውጥ ደረስኩባት። ለኪራይ ጎደለኝ ያልከን ብር የወጣው ከዚያ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት እኔ ፊት ነው የምትውጠው። ይህን የምጽፍልህ እንድታፍር ብዬ ሳይሆን እንድታውቀው ነው። እንወድሃለን፣ ከአንተ የሚበልጥብን የለም።

ግን የነገን ዛሬ አትብላ። ብድር እንደ እምቦጭ ነው፤ እሱ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፣ ነቅለህ ጥቂት ብታስቀር ተመልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ አፕሊኬሽኑን ዛሬውኑ ከስልክህ አጥፋ። ቀስ እያልኩ እተዋለሁ የሚባል ነገር አልቀበልም። ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ አሥራትህን አውጣ፣ ቀጥሎ ኪራይ፣ ቀጥሎ ዕዳ። ዕዳው ሳያልቅ ዕቁብ እንዳትገባ። ያደረ እንጀራ አትጣል፣ ፍርፍር አድርገው፤ ጌታ አምስት ሺህ ሰው አጥግቦ እንኳ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» ብሏል። የላክነውን በርበሬ ፀሐይ አስመታው፣ ትንሽ እርጥበት አለው። ቡናው የዘጌ ነው፣ በባዶ ሆድ አትጠጣው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። የማን ስንት እንዳለብህ በወረቀት ጽፈህ ጠብቀኝ፣ አንዱንም እንዳትደብቅ። ለፋሲካ ያሰብነውን በግ ሸጠን እናግዝሃለን። ለቁማር ግን አምስት ሳንቲም የለኝም።

አባትህ፣ ከባሕር ዳር