ልጆቻችን ወደ ጂንጃ ከመሄዳቸው በፊት፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የተጓዥ ተማሪዎች ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ከፋሲካው በዓል በሰላም አሸጋገራችሁ።

እንደተነጋገርነው፣ ሐምሌ 10 ቀን 12 ልጆቻችን ከሁለት መምህራን ጋር ወደ ኡጋንዳ ይሄዳሉ። ጂንጃ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ይማራሉ። ሐምሌ 24 ይመለሳሉ፤ ፍልሰታ ሳይገባ እቤታቸው ናቸው። እኛ ለክረምት ስንዘጋ እነሱ ትምህርት ላይ ናቸው። ቀኑን የመረጥነውም ለዚህ ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ከድሃ አገር ወደ ድሃ አገር ሄደው ምን ሊያመጡ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዓት አልቆ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ጥያቄው ግን እቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ስለ ፓስፖርትና ስለ ክትባት ከመጻፌ በፊት እሱን ልመልስ።

እኔ የሰከላ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከግሽ ዓባይ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ ነው። ምንጩን ለማየት የውጭ አገር ሰዎች ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ጥጃ ስጠብቅ አንዱ መጣና ካሜራውን ፊቴ ላይ ደቀነ። ባዶ እግሬን ነበርኩ። ልብሴም ያው የእረኛ ልብስ ነው። ሦስት አራት ጊዜ አነሳኝ፣ ከረሜላ ወረወረልኝ፣ ሄደ። ስሜን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ እነግረው ነበር። ግልገል ዓባይ በየት በየት አድርጎ ጣና እንደሚገባም አሳየው ነበር። ከረሜላውን በላሁት፣ ልጅ አይደለሁ። ፎቶው ግን ዛሬ የት አገር፣ በማን ቤት እንደተሰቀለ አሁንም ድረስ ያሳስበኛል።

ልጆቻችን ያንን ሰውዬ ሆነው ጂንጃ እንዲገቡ አልፈልግም። ስልክ በየኪሳቸው አለ። ያዩትን ሁሉ ማንሳት ለምደዋል። ስለዚህ ከአሁኑ እቤት ንገሩልኝ፦ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሳም። በተለይ ሕፃን ልጅ፣ የታመመ ሰው፣ የሰው ጓዳ። የተቸገረ ቤት ቢያዩ «ውይ፣ ሲያሳዝኑ!» ብለው በአማርኛም ቢሆን አይናገሩ። ቋንቋው ባይገባም ፊት ይናገራል።

ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1922 ነው፤ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950፣ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር። በትምህርት ሊያሳዩን የሚችሉት ነገር አለ ማለት ነው። ኡጋንዳ ዛሬ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ያስጠለለ አገርም ነው። ልጆቹ እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ክፍል ውስጥ ለፍተን የማናመጣላቸውን መናገር በሁለት ሳምንት ሊደፍሩት ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ወንዙ አለ። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወጥቶ ጉዞ የሚጀምረው ጂንጃ ላይ ነው። የእኛው ከሰከላ ተነሥቶ፣ የእነሱ ከጂንጃ ተነሥቶ ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ሚሲዮናዊ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 ነው። ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ ጂንጃ የደረሰው በ1862፣ እነዚህም በፈረንጆች አቆጣጠር። መጻሕፍቱ ሁለቱን «ምንጩን ያገኙ» ይሏቸዋል። የሰከላና የጂንጃ ሰው ግን ያን ውሃ ሲጠጣ፣ ከብቱን ሲያጠጣ፣ ልጁን ሲያጥብበት ነው የኖረው። እነዚህ ሁለት መንደሮች ልጆቻቸውን እርስ በርስ ቢያስተዋውቁ ምን ይገኛል? እኔ ብዙ ይገኛል ባይ ነኝ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ስለ ዓባይ የአሥር ደቂቃ ንግግር በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። ከመጽሐፍ ብቻ እንዲገለብጡ አልፈልግም። አያት ያላችሁ ልጁን አያቱ ዘንድ ስደዱት። ስለ ጠበሉ፣ ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ፣ ዓባይ በረሃን በእግር ስለማቋረጥ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ብዙ ሰው የሚቸገረው በልደት ቀን ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ። ሲቀየር አንድ ቀን ቢዛነፍ ጣጣ ነው፤ አመሳክሩት። የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በፓስፖርቱ፣ በትኬቱና በክትባት ካርዱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ደግሞ በእኛ ባህል እናትና ልጅ በአባት ስም አይገናኙም። ይህን የማያውቅ የኬላ ሠራተኛ «የማን ልጅ ነው?» ሊል ይችላል። ለዚህ ሁለታችሁም ወላጆች ፈርማችሁበት በሕጋዊ መንገድ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ናሙናው ቢሮዬ አለ።

ቢጫ ወባ ክትባት የግድ ነው፤ ያለ ቢጫ ካርዱ ኡጋንዳ አይገባም። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። አንዴ የተከተበ ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል። እንቁላል ክፉኛ የማይስማማው ልጅ ካለ ግን ከመከተቡ በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ወባው ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፤ ልጆቻችን ወባን አያውቋትም። ጂንጃ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ናት፣ ሐይቅ ዳር፣ ወባዋም ዓመቱን ሙሉ ነው። ለሰሊጥ አረም መተማና ሁመራ ወርዶ የሚመለስ ደገኛ ምን ሆኖ እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም። መከላከያ ኪኒኑን ሐኪም ያዝዛል። ከመሄዳቸው በፊት ይጀምራሉ፣ እዚያም ይውጣሉ፣ ከተመለሱ በኋላም ይቀጥላሉ፤ ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘ ለአራት ሳምንት ነው። «እቤቴ ገባሁ» ብሎ ማቋረጥ የለም። ይህን የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ፣ ያኔ ልጁ እጃችን ላይ አይደለም። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዛቸው፣ ወር አልፎም ቢሆን፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ፤ ኡጋንዳ ደርሶ መምጣቱንም ተናገሩ።

ሐይቁ ውስጥ መዋኘት አይፈቀድም። ቢልሃርዚያ እንደ ጣና ሁሉ ቪክቶሪያም ውስጥ አለ። ውሃ የሚጠጣው የፈላ ወይም የታሸገ ነው። በኡጋንዳ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው፤ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት ይልመዱ። ቦዳ ቦዳ በሚሉት ሞተር ላይ የወጣ ተማሪ በቀጣዩ አውሮፕላን ይመለሳል። በዚህ አልደራደርም።

ስለ ጾም የጠየቃችሁ እናቶች አላችሁ። አትጨነቁ። ማቶኬ የሚሉት የሙዝ ምግብ፣ ባቄላ የሚመስለው ቦሎቄ፣ የኦቾሎኒ ወጥ፣ ፖሾ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ፣ ሁሉም ረቡዕና ዓርብ የሚበላ ነው። ለሙስሊም ተማሪዎቻችንም ሐላል ሥጋ እንደሚገኝ አረጋግጠናል። እንጀራ ግን የለም። ትንሽ በሶና ድርቆሽ ብትቋጥሩላቸው አልከለክልም፤ የቀረበላቸውን ገፍተው የራሳቸውን ስንቅ ካወጡ ግን ባለቤቶቹን ያስከፋል። ቅቤ፣ ሥጋና ጥሬ እህል አትላኩ። ጠበልም ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አያልፍም።

የሚያርፉት ከተማሪዎች ቤተሰቦች ጋር ነው። በዚያ አገር ሴት ልጅ ታላቋን ስትሳለም ትንበረከካለች። የእኛ ልጆች ይህን ሲያዩ እንዳይስቁ ንገሯቸው። እኛም የሽማግሌ ጉልበት የምንስም ሰዎች ነን። «ወባሌ» ማለት አመሰግናለሁ ነው። ሰዓት አቆጣጠራቸው ደግሞ ይገርማል፤ በሉጋንዳ ቋንቋ ሲናገሩ እንደ እኛው ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይላሉ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ይለወጣል፤ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ስጦታ መላክ ደስ ይላል። ቡና አትላኩ፤ የሞላቸው ነው። ነጠላ፣ ትንሽ ሙዳይ፣ የእንጅባራ የቀርከሃ ሥራ ጥሩ ነው። የሚሰጠውም ለቤቱ እናት በሁለት እጅ ነው። መንገድ ላይ ለልጆች ሳንቲምም ሆነ ከረሜላ አይሰጥም። ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ብር እዚያ አይመነዘርም። ለኪስ የሚሆነውን የውጭ ገንዘብ በባንክ በኩል ትምህርት ቤቱ ይገዛል፣ ለሁሉም ልጅ እኩል ይሆናል። ጨምራችሁ በድብቅ አትስጡ። ለፓስፖርቱና ለክትባቱ የከበደው ወላጅ ካለ ለብቻው ያናግረኝ። በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ እንዲኖር አልፈልግም።

ከዚህ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከበረራው አምስት ቀን ቀድመን እንነሣለን። ጂንጃ ከገቡ በኋላ መምህራኑ ማታ ማታ ይደውሉላችኋል። ኔትወርክ ጠፍቶ ካልተሳካ እኔ ዘንድ ኑ፤ ዜናውን በማንኛውም መንገድ አገኛለሁ።

እሑድ ሚያዝያ 18 ከቅዳሴ በኋላ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኝ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት ያለው ፓስፖርቱን፣ የልጁን የሕክምና ካርድ ይዛችሁ ኑ። ልጁንም አምጡት። ጥያቄውን የጠየቁት አባት እንዲቀሩ አልፈልግም፤ ከፊት ወንበር ይዤ እጠብቃቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር