እህት ዓለም፣ የመጣሁት ለጉዳይ ነው

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ቤቱ ሁሉ ደህና?

መጥፋቴን አውቃለሁ። አንቺም ጠፍተሻል፣ እኔ ግን ብሻለሁ። ይቅር በይኝ፣ አለቀ። ሙሉውን ስድብ ስንገናኝ ትጨርሺዋለሽ። «ቸግሮህ ነው የመጣኸው» ብትይም አልከራከርሽም። ቸግሮኝ ነው።

መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። አትሳቂ። ልብ ወለድ አይደለም፤ የውሃ ፓምፕ ጥገና መመሪያ ነው። ለወረዳ ቴክኒሻኖች፣ በአማርኛ። ከአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ይጀምርና እስከ ጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ይዘልቃል። ሥዕል፣ ሠንጠረዥና የመለዋወጫ ቁጥር የታጨቀበት ነው፤ ሲያልቅ አራት መቶ ገጽ ሳይሻገር አይቀርም። ጽሑፉ ግማሽ ደርሷል። እንቅልፍ የነሳኝ በምን ላቀናብረው የሚለው ነው።

ሁሉም ቢሮ ባለው በዚያ በለመድነው ፕሮግራም፣ በዎርድ፣ ጀመርን። እስከ ምዕራፍ 3 ሰላም ነበር። ከዚያ መሃል ላይ የእግር ቫልቭ ሥዕል ጨመርኩ። ከሱ በታች ያሉት ሥዕሎች ቁጥራቸው ተቀየረ። ጽሑፉ ውስጥ በእጅ የገባው «ምስል 3.4ን ይመልከቱ» ግን ባለበት ቀረ። ቴክኒሻኑ የፒስተኑን ጎማ ሊቀይር ብሎ የኮንክሪቱን ወለል ሥዕል ያገኛል ማለት ነው። እርግጥ ፕሮግራሙ ቁጥሩን በራሱ የሚያስተካክልበት መንገድ አለው፤ ስታይሉን በሥርዓት ለያዘለት ሰው ረጅም መጽሐፍም ይሸከማል። ግን አብረውኝ የሚጽፉት ልጆች ርዕስ ማለት ፊደሉን ማወፈር ነው ብለው ያምናሉ። ብመክር ብለምን አልሆነም።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። አምስት ኪሎ፣ ያ ጨለማ ላብራቶሪ፣ አንቺና ላቴክሽ፣ ያ ገጹን በትእዛዝ የሚያቀናብረው ፕሮግራም። የኮምፒውተር ሊቁን የዶናልድ ክኑዝን ታሪክ ስንት ጊዜ ነገርሽን? ሰውዬው የገዛ መጽሐፉን የማረሚያ ገጽ ቢያይ አስጠላው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የራሱን ማቀናበሪያ፣ የላቴክሽን መሠረት ቴክን፣ ሊሠራ ተነሳ፤ ቶሎ ይጨረሳል ያለው ሥራ አስር ዓመት ገደማ በላው። ያኔ እየሳቅን ትተንሽ ሻይ እንጠጣ ነበር። አሁን ሰውዬው ገብቶኛል።

እና ጫንኩት። የላቴክን ዘር ዚላቴክን ማለቴ ነው፣ ዩኒኮዱንም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንም ፎንት እንዳለ የሚቀበለውን። የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት፣ አቢሲኒካን፣ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ባለቤቴን ከኩሽና ጠርቼ አሳየኋት። «ጽሑፍ ነው እኮ» አለችኝ። አንቺ ብትሆኚ ይገባሽ ነበር። ሥዕል ጨመርኩ፣ ምዕራፍ አዘዋወርኩ፣ ቁጥሩ ሁሉ ራሱን አስተካከለ። ሁለቴ ካስኬድሽው በኋላ ነው፣ አውቃለሁ፣ አታርሚኝ።

አማርኛ ግን ዝም ብላ አትገዛም። የምስሉን ስምና ቁጥር አብሮ የሚያስገባልሽ ትእዛዝ አለ አይደል? እሱ «ምስል 3.4» ብሎ ቁጭ ይላል። እኔ የምጽፈው ደግሞ «በምስል»፣ «ከምስል»፣ «የምስል» እያልኩ ነው። ስለዚህ ስሙን በእጄ ጽፌ ቁጥሩን ብቻ ተውኩለት። ጠባብ የሠንጠረዥ ዓምድ ውስጥ «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚል ቃል ሲገባ ደግሞ ከሳጥኑ ይወጣል። የድሮ መጻሕፍት ሁለት ነጥብ ስላላቸው ቃሉን የትም ላይ ቆርጠው ያለ ሰረዝ ወደ ቀጣዩ መስመር ያሻግሩታል። ለካ ቴክ ውስጥ ለግዕዝ ፊደል የተዘጋጀ የመቁረጫ ደንብ አለ! አበራሁት፤ ሠንጠረዡ ረጋ። ዋናው ጽሑፍ ላይ ግን ከለከልኩት። የዛሬ አንባቢ ቃል ተቆርጦ ሲያይ የማተሚያ ስህተት ነው የሚመስለው። በግራ ብቻ አሰልፌ፣ ቀኙን እንደፈለገ ይሁን ብዬ ተውኩት። ይሄ ያስቆጣሽ ይሆናል።

ከመጨረሻ ያለው የቃላት ማውጫ ላይ «ሰንሰለት» እና «ሠንሠለት» በተለያየ ገጽ ተቀምጠዋል። ከዚህ የትኛውም መሣሪያ አያድነንም።

አሁን ደግሞ አንድ የሰፈር ልጅ ታይፕስት የሚባል ሌላ ማቀናበሪያ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ትእዛዙ አጭር ነው፤ እየጻፍሽ ውጤቱ ጎን ላይ ወዲያው ይታያል። ስትሳሳቺ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ በወጉ ይነግርሻል። ላቴክ አንድ ቅንፍ ስለረሳሁ የሚያወርድብኝን ታውቂዋለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ሸፍቷል። ግን ቴክ በየማሻሻያው የስሪት ቁጥሩን ወደ ፓይ እያስጠጋ 3.141592653 ደርሷል፤ ታይፕስት ገና 1ን አልነካም። ይህ መመሪያ ከአስር ዓመት በኋላም መከፈት አለበት። የጋሼን ማስታወሻ በከፈትን ቀን ያየነውን መቼም አትረሺውም። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ ተጽፎ፣ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሞቶ፣ ስክሪኑ ላይ የቀረው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ብቻ። ያን ሁሉ ዓመት የጻፈው!

ስለዚህ ጽሑፉን ተራ ፋይል ላይ፣ ርዕሱም ዝርዝሩም በቀላል ምልክት በሚጻፍበት በማርክዳውን፣ ላስቀምጥ ወሰንኩ። በጊትም ማን ምን እንደቀየረ ይታየኛል። ለገምጋሚዎቹ ፓንዶክ የሚባል የፋይል መለወጫ ወደ ዎርድ ይገለብጥልኛል፤ ለማተሚያ ቤት በዚላቴክ ፒዲኤፍ ይወጣል። ፓንዶክን የጻፈው የፍልስፍና ፕሮፌሰር መሆኑን ታውቂያለሽ? የኛ የፍልስፍና መምህር ፕሮጀክተር ማብራት ያቅተው ነበር።

የሚያስጨንቀኝ ግን እኔ ስለቅስ የሚለው ነው። መመሪያው በየጊዜው ይታረማል፤ የሚያርሙት ደግሞ ከዎርድ ሌላ ከፍተው የማያውቁ ናቸው። አሁንም ቢሆን አስተያየታቸውን ዎርድ ላይ በቀይ ጽፈው ይልኩልኛል፣ እኔ እያየሁ ወደ ዋናው ፋይል በእጄ እመልሳለሁ። እኔ በሌለሁበት ማን ይመልሰዋል? ፒዲኤፉን ብቻ ይዘው ይቀሩ ይሆናል። አንዳንዴ በቃ ዎርድን በሥርዓት ላስተምራቸውና ልረፍ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ይሄ ሁሉ የመሣሪያ ምርጫ ከምዕራፍ 6 መሸሻዬ ይመስለኛል። ምዕራፍ 6 የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ነው፤ አንቺ የምትችይው፣ እኔ የምፈራው።

እና... እንዴት ልበልሽ። ሁለተኛ አዘጋጅ ሆነሽ ስምሽ ቢገባስ? ክፍያ የለውም። ማለቴ፣ ትንሽ አለው፣ ግን ላንቺ የሚነገር አይደለም። ካልፈለግሽ ምንም አይደል፤ ቢያንስ ታይፕስት ይሻላል ወይስ ዚላቴክ፣ ያቺን ብቻ ንገሪኝ።

ምዕራፍ 3ን ከነምንጭ ፋይሉ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ቁጥርሽ ካልተቀየረ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን የመግቢያ ትእዛዞች አልጣልሻቸውም አይደል? በተለይ የግራና የቀኝ ገጽ ራስጌውን የምታለያዪበትን እፈልጋለሁ። ማተሚያ ቤቱ ናሙናውን የሚፈልገው ከጥምቀት በፊት ነው፣ ስለዚህ እንዳትጠፊ። ይሄን ለመጻፍ እኔ ማን ሆኜ!

ያንቺው