ሳምፕሉን የወሰዳችሁት ከኛ ነው፣ ውጤቱስ?

ለክፍለ ከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ጽ/ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ እንደምን ከረሙ። የቆዳ ፋብሪካው ወንዛችን ውስጥ ስለሚለቀው ፍሳሽ በመዝገብ ቤት ያስገባነው አቤቱታ እርስዎ ጋ መድረሱን አውቃለሁ፣ ጸሐፊዎ ራሷ "መርተውታል" ብላኛለች፣ ለማን እንደመሩት ግን እስካሁን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ስደውል ስብሰባ ላይ ነዎት፣ በአካል ስመጣ ፊልድ ወጥተዋል። ፊልድ ከወጡማ እኛ ሰፈር ብቅ ማለት ነበረብዎት፣ ወንዙ ያለው እኛ ጋ ነው እኮ። ስለዚህ እዚህ ለጥፌዋለሁ። የእርስዎንም የፋብሪካውንም ስም አልጽፍም፣ ሁለቱንም ያውቋቸዋል።

ስለ አቃቂ ወንዝ እርስዎን ማስተማር አልፈልግም። ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጦ የሽንት ቤቱንም የጋራዡንም የፋብሪካውንም ሁሉ እየሰበሰበ ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዛ አዋሽ። እኛ መሃል ላይ ነን። ቀለሙ አንዳንዴ ጠዋትና ማታ እንኳን አንድ አይደለም፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ የገማ እንቁላል ይሸታል። የቆዳ ፋብሪካ ፀጉር ለማርገፍ ሰልፋይድ፣ ለማልፋት ክሮም እንደሚጠቀም እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። በዚሁ ውሃ ነው በሞተር እየሳብን ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን የምናጠጣው። ክሮምና እርሳስ የመሳሰሉት ብረቶች በተለይ ቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ እንደሚገቡ ከ20 ዓመት በፊት ጀምሮ በአዲስ አበባ አትክልት ላይ ተጠንቶ ታትሟል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ሰላጣው ደግሞ እኛ ሰፈር አይቀርም፣ በሌሊት ተጭኖ ገበያ ይወጣል፣ የናንተ ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማስረጃ አምጡ አላችሁን፣ አመጣን። የሰፈሩ ልጆች ድልድዩ ላይ ሆነው ጠዋትና ማታ ውሃውን ፎቶ ያነሳሉ፣ ቀንና ሰዓቱ ተጽፎ ቴሌግራም ላይ ይቀመጣል። ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ጎረቤታችን መጠይቅ አዘጋጅተው ቤት ለቤት ዞሩ፣ ውሃው ውስጥ ቆመህ ትሠራለህ ወይ፣ ስንት ዓመትህ ነው፣ ቆዳህ፣ ሆድህ፣ ትንፋሽህ እንዴት ነው፣ ልጆችሽ ወንዙ ዳር ይጫወታሉ ወይ እያሉ። የእድሩ ጸሐፊም መዝገቡን አውጥተው ማን በምን እንደሞተ ቤተሰቡ ያለውን ጻፉልን። ይሄን ሁሉ በክላሰር ይዘን ስንመጣ አንዱ ባለሙያዎ ሁለት ገጽ ገልጦ "ይሄ እኮ ጥናት አይደለም፣ በሙያተኛ ያልተረጋገጠ ዳታ አንቀበልም" አለና መለሰልን። ቆይ፣ ሙያተኛ ላኩ ብለን አይደል እንዴ የመጣነው?

ላካችሁም፣ አይካድም። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መኪና መጣ፣ ጓንት ያደረጉ ልጆች ጠርሙሳቸውን ይዘው ወረዱ፣ ደስ አለን። ከዛ ውሃውን የቀዱት ከፋብሪካው የፍሳሽ መልቀቂያ ቱቦ በላይ ነው። ከቱቦው በላይ! እናቴ ማሳው ውስጥ ሆና "ልጆቼ፣ የሚለቀቀው በዚህ በታች ነው፣ ኑ ላሳያችሁ" እያለች ትጣራለች፣ አንዱ "ማዘር፣ ፖይንቱ የተሰጠን ነው" ብሏት ጠርሙሱን ከደነ። ማን ነው የሰጣቸው? በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ በሥራ ቀን ቅዱ ያለው ማነው? የዛኑም ቢሆን ውጤቱን ስንጠይቅ "የውስጥ ሰነድ ነው" ተባልን። አዋጅ 590/2000 መረጃ ስለማግኘት መብታችን ምን እንደሚል ግድግዳዎ ላይ ያለው የዜጎች ቻርተር ራሱ ይነግርዎታል፣ ከመስታወቱ ስር ነው፣ አንብበነዋል።

እናቴን ካነሳሁ አይቀር፣ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ከተላላጠ ቆይቷል። ቦቲ ጫማ ገዝተንላት ነበር፣ ጭቃው ውስጥ እየዋጣት አውልቃ ነው የምትሠራው። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የፈንገስ ቅባት ይጽፉላታል፣ ትቀባለች፣ ትንሽ ይሻላታል፣ ተመልሳ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ካርዷ ላይ ያለው "የቆዳ ኢንፌክሽን" ነው። ምን ትሠሪያለሽ፣ በምን ውሃ ላይ ቆመሽ ብሎ የጠየቃት የለም፣ ስለዚህ የጤና ጣቢያው ሪፖርት ተደምሮ እርስዎ ጋ ሲደርስ የኛ ሰፈር ከሌላው ሰፈር ምንም አይለይም። ከዛ እርስዎ "ወንዙ በጤና ላይ ያደረሰው ጉዳት በመረጃ አልተደገፈም" ይሉናል። እንዴት ይደገፍ? የማይጠየቅ ነገር መረጃ ሆኖ ያውቃል?

ዩኒቨርሲቲዎቹም ያው ናቸው። ፎርም አስፈርመው ደም ወስደዋል፣ ጥፍር ቆርጠው ወስደዋል፣ ውጤቱን እናሳውቃለን ብለው ሄዱ። ዲግሪውን ይዘውበት ይሆናል፣ እንኳን ደስ አላቸው።

በጣም ያናደደኝ ግን የመጨረሻው ቀን እናንተ ቢሮ የተባልኩት ነው። "አንቺ ራስሽ በቀጥታ መጎዳትሽን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ካላመጣሽ አቤቱታሽ አይታይም፣ ደግሞ ብታካብጂው አትክልቱን ነው የምናስነቅለው።" በደንብ ያንብቡት። መርዙን የሚለቀው ፋብሪካ ቁጭ ብሎ የሚነቀለው የእናቴ ቆስጣ ነው። ከዛ ቀን ወዲህ መጠይቁን የሞሉት ሰዎች ግማሾቹ ስማችንን ሰርዙልን እያሉ ነው፣ ኪሎውን በርካሽ የሚሸጥ ሰው ማሳውን ቢያጣ ምን ይበላል? ምናልባት የተፈለገውም ይሄው ነው።

የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ መብቴ ወይም ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። ማንኛውም ሰው። የሐኪም ማስረጃ የሚል ቃል የለበትም፣ ከሌለ ደግሞ ከየት አመጣችሁት? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ሲል ከድልድዩ በታች ያለውን አይጨምርም ወይ?

በ2011 የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ሲታወጅ 29 ቢሊዮን ብር፣ 56 ኪሎ ሜትር ተባለ፣ እኛም አጨበጨብን፣ ላይኛው በኩል አሁን ሙሽራ ፎቶ ይነሳበታል። ጥሩ ነው፣ አልጠላም። የቆሼም ነገር አይረሳኝም፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲቀብር ነው አገሩ ሁሉ እዛ ሰው ይኖራል እንዴ ያለው። እዛ የሚኖረው ሰው ግን ክምሩን በየቀኑ ያየው ነበር። ማን ጠየቀው?

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ያወጣችሁትን ውጤት ስጡን። ሁለተኛ ሳምፕል ቅዳሜ ማታ፣ ከቱቦው በታች፣ እኛ ባለንበት ይቀዳ፣ አንዱ ጠርሙስ ታሽጎ እኛ ጋ ይቅር። ጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ሥራና የውሃ ምንጭ ይጻፍ፣ አንዲት መስመር ናት። አትክልቱን እንነቅላለን የሚለውን ማስፈራሪያ ደግሞ በጽሑፍ አንሱት፣ በቃል አናምናችሁም።

አቤቱታው ገቢ የተደረገበት ማህተም ያለው ኮፒ እጃችን ላይ ነው። ለውሳኔ የተሰጣችሁ 30 ቀን አልፏል። አዋጁ ከዛ በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ 60 ቀን ይሰጠናል፣ እየቆጠርን ነው፣ እድሩም ለዳኝነት የሚከፈለውን ማዋጣት ጀምሯል። ክላሰሩን ዳኛው ያየዋል፣ እርስዎም የዛን ቀን ፊልድ እንዳይወጡ።