ከሰው ካርታ አትቅዳ

ማሙሽዬ፣

እንኳን ተወለድክ። 24 ዓመት! እናትህ የላከችልህ በርበሬ ደርሶህ ከሆነ ቶሎ ፍሪዘር ውስጥ አስገባው። ያለፈውን መስኮት ላይ ትተህ ነቀዝ እንዳስበላኸው አልረሳችም።

የምጽፍልህ ግን ለልደትህ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ ማታ እንደ ልማዴ ኦፕን ስትሪት ማፕን፣ ማንም ሰው የሚሞላውን ያን ክፍት የዓለም ካርታ፣ ከፍቼ ደሴን ሳይ፣ ፒያሳና አራዳ በአዲስ የመንገድ ስም ተሞልተው አገኘሁ። ማን ይሆን ብዬ የኤዲቱን ታሪክ ብከፍተው አንተ ነህ። 212 ስም በአንድ ሌሊት። ያውም በሲያትል ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት! እስከ እኩለ ሌሊት ማምሸት የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ በ2019 ሂውስተን ላይ ዋንጫ ሲበሉ ነበር፤ እሱም አብረን።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ልጄ የአያቱን አገር እየሣለ ነው አልኩ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ደሴን የረገጥከው በ7 ዓመትህ ለሦስት ሳምንት ነው፤ አንዱን ሳምንት ሆድህን አሞህ ተኝተሃል። 212 ስም ከየት አመጣህ? የደሴ ሰው ራሱ መንገድ በስም አይጠራም እኮ። «ከቧንቧ ውሃ ወረድ ብለህ፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ነው የሚልህ።

ከሰው ካርታ አትቅዳ። ያኛው ካርታ ባለቤት አለው። የእኛው ካርታ ክፍት የሆነው ራስህ ያየኸውን፣ የአገሩ ሰው የነገረህን ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህን ብቻ ስለምታስገባበት ነው። ሌላው ሲገባበት ክፍትነቱም ያበቃል።

እንዴት እንደማውቅ ልንገርህ። እናትህም ሙሉውን አታውቀውም።

በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲ ላይ ያ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የፖርት-ኦ-ፕረንስ ካርታ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ለዚያ ሥራ ተብሎ የሳተላይት ፎቶ ተፈቀደ፤ በየአገሩ ያለ ሰው ፎቶውን እያየ መንገድ መሣል ጀመረ። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንታችን ውስጥ ሌሊቱን ስሥል አነጋሁ። በጥቂት ቀናት ከተማው ሞላ። ነፍስ አዳኞቹ በዚያ ካርታ መንገድ እንደሚፈልጉ ስሰማ አለቀስኩ።

ከዚያ እጄ አላርፍ አለ። ወደ ደሴ ዞርኩ። እሁድ እሁድ በአምስት ዶላር የስልክ ካርድ አያትህ ጋ እደውላለሁ። «እማዬ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችው ወንዝ ስሟ ማን ነበር? ወደ ሰኞ ገበያ የሚያወርደው ቁልቁለትስ?» ትስቃለች። «አሜሪካ ድረስ ሄደህ የምትሠራው ይሄን ነው?» ትለኛለች። ግን ትነግረኛለች። ቁልቁለቱን፣ ምንጩን፣ ሰዎቹ ሞተው ስማቸው የቀረበትን ጥጋጥግ ሁሉ። ካርዱ ሲያልቅ ወሬዋ መሃል ላይ ይቆረጣል። ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፍኩትም፤ በቀጥታ ካርታው ላይ ነበር የማስገባው።

ሥራው ቀስ ይላል፤ እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። አንድ ሌሊት ቢሮ የምንጠቀምበትን፣ ገንዘብ የሚከፈልበትን ካርታ ጎን ለጎን ከፍቼ የጎደለውን ሁሉ ገለበጥኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ በጎ ፈቃደኛ ጻፈልኝ። ትሁት ሰው ነበር። «ምንጭህ ምንድን ነው?» አለኝ። ግማሹን ነገርኩት፤ ማለትም ዋሸሁት። ሁሉም ተሰረዘ። የገለበጥኩትም፣ እማዬ የነገረችኝም። የትኛው ከየት እንደመጣ ማሳየት አልቻልኩማ! እነሱ ልክ ነበሩ።

እንደገና እጠይቃታለሁ አልኩ። ለፋሲካ። ለመስቀል። ሥራ በዛ። አንድ ቀን ስልኩ ሲጮህ አክስትህ ነበረች፤ የምትነግረኝ መርዶ ነበር። የወንዟ ስም ጆሮዬ ላይ የቀረው ሁለት ሆኖ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ካርታው ላይ እስከ ዛሬ ስም የሌላት ሰማያዊ መስመር ናት።

ከሰው ካርታ አትቅዳ የምልህ ለዚህ ነው። ቢቆጣጠሩህም ባይቆጣጠሩህም።

ደግሞ አንተን ይህን ማስተማር አልነበረብኝም። በ9 ዓመትህ ቤዝቦል ላይ ሾርትስቶፕ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው ተከላካይ፣ ሆነህ ስትጫወት ውጤት መዝጋቢው እኔ ነበርኩ። ኳሷ በእግሮችህ መሃል ሾልካ አለፈች። አባት ነኝና «ሂት»፣ ማለትም የመቺው ጥሩ ምት እንጂ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ብዬ መዘገብኩልህ። ሲያልቅ መጥተህ ደብተሩን አየህ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ኢ-6 ነው፤ የኔ ስህተት ነው» አልክና ላጲሱን ነጠቅከኝ። ወረቀቱን ቀደህበታል፤ እስካሁን አለ። እስከዚያን ቀን ቤዝቦል ቆመው ማስቲካ የሚያላምጡ ሰዎች ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። ስህተትን ከሩጫና ከሂት ጎን በትልቁ ሰሌዳ ላይ ለሕዝብ የሚለጥፍ ስፖርት መሆኑን ያን ቀን አስተዋልኩ።

ድረ ገጽህ ላይ የምትጠቀምበት ሬትሮሺት የተባለው የቤዝቦል መረጃ ማኅደርም እኮ የእንዲህ ዓይነት ደብተር ክምችት ነው። ከ1989 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የድሮ ጨዋታ አንድ በአንድ እየለቀሙ በነጻ ሰጡን። ምንጩን የምትገልጸውን መስመር ከታች አስቀምጠሃል፤ አይቻለሁ። ለቤዝቦል ያደረግከውን ለደሴ ነፈግካት?

ዛሬውኑ ቼንጅሴቱን፣ ያን ሌሊት ያስገባኸውን ለውጥ ሁሉ፣ ራስህ ሪቨርት አድርግ፤ ወደ ነበረበት መልሰው። ሌላ ሰው ሳይቀድምህ። ለምን እንደሆነም ጻፍ፤ አንድ መስመር ይበቃል። ኮድህን በምታስቀምጥበት ጊትሀብ ላይ ያጋለጥከውን ኤፒአይ ኪይ፣ ያን ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ቀይር፤ ፋይሉን ብታጠፋውም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። የመኪናህን ዘይት አስቀይር። ደግሞ ገጽህ ላይ ደሴ ባሕር ውስጥ ናት! ካርታውን የሚያሳይልህ ሊፍሌት ኬክሮሱን 11.13ን ያስቀድምና ኬንትሮሱን 39.63ን ያስከትላል፤ ጂኦጄሰን የተባለው የፋይል ዓይነት ተገላቢጦሽ ነው። አንተ አደባልቀህ ሰርዲኒያና ጣልያን መሃል ጨምረሃታል። ደሴን ደሴት አደረግካት! ለእናትህ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

አክስትህ አሁንም እዚያው ቤት ናት። ወንዟን እሷም ታውቃለች። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልጠየቅኳት እንጃ፤ አፍሬ ይሆናል። አንተ ደውልላት። አንተ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እሷ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ መቼስ አትተኛ። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ ጠይቃት። የምትነግርህን ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ቀኑንም ጨምርበት።

አባትህ