አርባ ደቂቃ አውርተን «ስሙም አይታወቅም» ተባልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ለንደኗ ጠበቃ፣ ስለ ባሪስተሯ እህታችን፣ ያወጣችሁትን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አንዴ ስልኬ ላይ፣ ሁለተኛ ደግሞ ልጄ ፕሪንት አድርጎልኝ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በእስክሪብቶ እያሰመርኩ። በእህታችን ላይ አንዲት ቅሬታ የለኝም። የኛ ሰው ሆና እዛ ድረስ ሄዳ፣ በአካባቢ በኢነርጂና በግንባታ ህግ ስሟን ተክላ ማየት ያኮራል፣ ኮርቻለሁም። የኔ ነገር ከሷ ጋር አይደለም፣ ጋዜጠኛችሁ ከራሱ ጨምሮ አራተኛው አንቀፅ ላይ ከሰነቀራት አንዲት አረፍተ ነገር ጋር ነው። «በአገራችን ይህ የህግ ዘርፍ ገና ያልተጀመረ ሲሆን ከአዲስ አበባ ውጭ ስሙም አይታወቅም» ይላል።

ስሙም አይታወቅም! ይሄን የፃፈው ልጅ እኮ ደውሎልኝ ነበር። ፅሁፉ ከመውጣቱ አስር ቀን በፊት ማታ ላይ፣ እኔ እራት እየበላሁ፣ አርባ ደቂቃ አውርተናል። ጋሼ ጋሼ እያለ ጠየቀኝ፣ እኔም ትሁት ልጅ ነው ብዬ እጄን ታጥቤ ጓዳ ገብቼ የድሮ መዝገቦቼን እያገላበጥኩ መለስኩለት፣ የባለጉዳይ ስም እየሸፈንኩ በቴሌግራም ስድስት ፎቶ ላኩለት። አንዷም አልወጣችም። ቦታ ጠቦ ነው ብላችሁ ብትተዉት ይገባኛል፣ ጋዜጣ ቦታ ይጠበዋል። ግን የሰው ምስክርነት አርባ ደቂቃ ሰምቶ ሲያበቃ የለም ብሎ መፃፍ የቦታ ጥበት አይደለም። ሃያ አራት አመት ድሬዳዋ ላይ ጠበቃ ሆኜ የሰራሁት ስራ በአንድ መስመር ተሰረዘ፣ የኔ ብቻ ቢሆን ደግሞ እተወው ነበር፣ የባልደረቦቼም የባለጉዳዮቼም ነው።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። እንግሊዝ አገር ጠበቃ ሁለት አይነት ነው፣ ባለጉዳይ ተቀብሎ ሰነድ የሚያሰናዳው ሶሊሲተር ይባላል፣ ዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከረውና የህግ አስተያየት የሚፅፈው ባሪስተር ነው። ባሪስተር ለመሆን ከአራቱ የባሪስተሮች ማህበራት ከአንዱ ገብተህ፣ ከዛ አንድ አመት በአንጋፋ ስር ተለማምደህ ነው። ለግንባታና ለቴክኖሎጂ ክርክር ብቻ የተለየ ችሎት አላቸው፣ ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ህግ የግንባታ ክፍያ ፀብ በ28 ቀን ጊዜያዊ ውሳኔ ያገኛል፣ የተቀረው ክርክር ካለ በኋላ ይቀጥላል። እቀናለሁ፣ አልዋሽም። እኔ ጋ አንድ የኮንትራክተር ክፍያ ሰርተፍኬት ለሶስት አመት ከችሎት ችሎት ሲንከራተት፣ ሰውየው ሎደሩን ሸጦ ለቀን ሰራተኞቹ ከፍሎ ጨርሶ ነበር ፍርዱ ሲመጣ። በዚህ በዚህ እነሱ ይበልጡናል፣ ይፃፍ። ግን ማነስና አለመኖር አንድ ናቸው?

ደግሞ በሁሉም አይበልጡን። ይቺን በደንብ አንብቡልኝ። እንግሊዝ ውስጥ መንግስት አካባቢን የሚጎዳ ውሳኔ ወሰነ ብለህ ፍርድ ቤት እንዲመረምርልህ ስትጠይቅ በቂ ጥቅም ወይም ግንኙነት እንዳለህ ማሳየት አለብህ። የኛ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀፅ 11 ግን ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለአካባቢ ጥበቃው መስሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል፣ በ30 ቀን መልስ ካጣ ወይም በመልሱ ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ህገ መንግስቱም አንቀፅ 44 ላይ ንፁህና ጤናማ አካባቢን መብት ብሎ አስቀምጦታል። ታዲያ ያልተጀመረው የቱ ነው?

በዚህ አንቀፅ እኔ ራሴ ቆሜበታለሁ። አንዲት እናት ናቸው፣ ሰፈራቸው የድንጋይ መኪና መተላለፊያ ሆነና ቀኑን ሙሉ አቧራ። ቢሮዬ ሲመጡ ፌስታል ይዘዋል፣ የሽሮ ዱቄት ያመጡልኝ መስሎኝ አፈርኩ፣ እሳቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት፣ የሶስት ቀን አቧራ ነው፣ ከቆርቆሮው ላይ አይደለም፣ ከረከቦታቸው ላይና ከአልጋቸው ራስጌ በመጥረጊያ ሰብስበው ነው ያመጡት። «ይሄን እየበላሁ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። አቤቱታውን ፅፈን አስገባን፣ 30 ቀን ቆጠርን፣ ዝም፣ በ41ኛው ቀን ክስ መሰረትን። የመኪናዎቹ ባለቤት መጀመሪያ ሊስቅብን ሞከረ፣ በስተመጨረሻ ግን መንገዱን በቀን ሁለቴ በቦቴ ውሃ ሊያርከፈክፍና ሸራ ሳያለብስ ላያስጭን ተስማምቶ ፈረመ፣ ስምምነቱም መዝገብ ውስጥ ገባ። እማማ ዛሬም ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። የዚህ ስም ምንድነው? ለንደን ቢሆን የአካባቢ ህግ ይባላል፣ ድሬ ሲሆን ነው ስም ያጣው?

ኢነርጂም ብሏል ጋዜጠኛው። የፍትሃብሄር ህጋችን የወጣው በ1952 ነው፣ ማለት አያቶቻችን ኩራዝ እያበሩ በነበረበት ዘመን፣ እዛ ውስጥ አንቀፅ 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግቶ፣ ወይም የመሬቱን አቀማመጥ ለውጦ፣ ወይም ፈንጂና መርዝ አከማችቶ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል። በዚች አንቀፅ ላይ አንድ ግመል ተከራክሬያለሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ባለሃብት ለውሃ ፓምፑ 15 ኪሎ ቮልት መስመር ጎትቶ፣ ምሰሶው ዘሞ ሽቦው ረግቦ ግመሏን ነካት። ባለቤቱ ገመዷን ብቻ ይዞ መጣ፣ ሌላ ምንም ማስረጃ የለውም። የባለሃብቱ ጠበቃ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ «15 ኪሎ ቮልት መካከለኛ እንጂ ከፍተኛ አይባልም፣ ስለዚ 2069 አይመለከተንም» አለ። የኤሌክትሪክ መሃንዲስ በልዩ አዋቂነት አስጠርተን ሁለት ቀጠሮ ሙሉ ስለ ቮልት ተከራከርን፣ ዳኛው በመጨረሻ ህጉ የሚያየው ገዳይነቱን ነው እንጂ መስሪያ ቤቶች ለመስመሩ የሰጡትን ደረጃ አይደለም ብለው ወሰኑ። የግመሏ ዋጋ ተከፈለ። ፎቶው ከላኩላችሁ ስድስቱ ውስጥ አለ፣ ገመዱም ይታያል።

ስለ ግንባታ ደግሞ የት ልጀምር፣ ድሬ ራሷ እኮ የግንባታ ውል ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊሱ መሃንዲስ ለኢልግ የባቡር ኮንሴሽን፣ ማለት ሃዲድ የመዘርጋት ፈቃድ፣ ሰጡ፣ ሃዲዱ ወደ ሐረር ይውጣ ቢባል ተራራው ወጪው አይቻልም ተባለና መስመሩ ከታች ቀረ፣ ባቡሩ በ1895 እዚህ ሲደርስ ባዶው ሜዳ ላይ ከተማ ተቆረቆረ፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የሚሏት። አባቴም ምድር ባቡር ነው የሰራው፣ እኔ ያደግኩት ለገሃር ነው፣ ስለ ውልና ስለ ርክክብ ማታ ማታ እራት ላይ ነው የሰማሁት። በኋላም የዚሁ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የድሮው መስመር ጥገና ኮንትራት ተጣልቶ ወደ አለም አቀፍ ግልግል ሄዶ፣ የግልግል ዳኞቹ ለተቋራጮቹ የፈረዱትን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2010 ሽሮታል። ያ ውሳኔ የህግ ሰውን ሁሉ ለሁለት ከፍሎ አከራክሮታል፣ የግልግል አዋጅ 1237/2013 ሲወጣም ሰበር የግልግል ውሳኔን መቼ ያያል የሚለውን በአንቀፅ መልስ እስከመስጠት ተደርሷል። በአገሪቱ የግንባታ ክርክር ውስጥ ይሄን ያህል የተወራለት ጉዳይ በኛ ከተማ በኩል የሚያልፍ ሃዲድ ነው፣ እና ድሬ ላይ ስሙም አይታወቅም!

ትናንሾቹም አሉ። እዚሁ ድሬ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የድሮ የድንጋይ ቤት አለ፣ ጎኑ ጂ ፕላስ 5 ሊሰራ እስካቫተር ገብቶ ሲቆፍር ግድግዳው ተሰነጠቀ። የቆፈረው ሰውዬ «ስንጥቁ የድሮ ነው» አለ፣ ሁሌም እንደዛ ነው የሚሉት። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ያስተማረኝን አደረግሁ፣ ስንጥቁ ላይ የጣት ስፋት ያለው ቀጭን መስታወት በጄሶ ትለጥፋለህ፣ ጄሶው ላይ ቀኑን ትፅፋለህ፣ ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ መስታወቱ አመት ይቆያል። አራት ቦታ ለጠፍን። በዘጠነኛው ቀን ሶስቱ መሃላቸው ላይ ተሰብረዋል፣ ያልተሰበረችው ከጉድጓዱ በጣም የራቀችው ብቻ ናት። ዳኛዋ ቦታው ድረስ መጥተው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው አዩት፣ ከዛ በኋላ «የድሮ ነው» የሚል ክርክር አልተሰማም። ሌላም ቤቱ በአራተኛው አመት ጣሪያው የሚያንጠባጥብበት ሰው ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተስፋ ቆርጦ መጥቶ ነበር፣ ህጉ ግን አንቀፅ 3039 ላይ የግንባታ ስራ ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 አመት ዋስ ያደርገዋል፣ ይሄን ስነግረው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ሐረርን ደግሞ ጭራሽ ረሳችኋት። የሃሮማያ ሃይቅ ለሐረር ውሃ ያጠጣ ነበር፣ ደረቀ። ከዛ ከታች ከድሬ በኩል ድሬ ጃራ የሚባል ቦታ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቧንቧ ተዘርግቶ ውሃው ወደ ላይ እንዲገፋ ሆነ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ ያን ሁሉ ዳገት ውሃ የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ ፓምፑ በመብራት ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጀጎል ውስጥ ጄሪካን ይሰለፋል። አክስቴ ሐረር ነች፣ ስልክ ስደውል መጀመሪያ የምትነግረኝ ውሃ መጣ አልመጣም የሚለውን ነው። ሃይቅ መድረቁ አካባቢ፣ ፓምፑ ኢነርጂ፣ ቧንቧው ግንባታ፣ ቧንቧው ያለፈበት ገበሬ ካሳው ደግሞ የመሬት ማስለቀቅ ህግ፣ ዛሬ ቢሆን አዋጅ 1161/2011። ባሪስተሯ ሶስት ዘርፍ አቀናጅታ ትሰራለች ብላችሁ አደነቃችሁ፣ ልክ ናችሁ ከባድ ስራ ነው፣ እኛ ጋ ግን ሶስቱ በአንድ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚመጡት፣ ለይቼ የአንዱን ብቻ ልስራ ብትልም አትችልም።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝም ማለት አለብኝ፣ ምንም ቢከብደኝ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ይዞብን ሄዷል። ጠዋት ወንዙ ዳር የቆመ ሰው ያየውን አይረሳም፣ እኔም ቆሜ ነበር። ከዛ ወዲህ ነው ወንዝ ዳር ያለ ግንባታ፣ ከላይ ተራራው ላይ ያለ ምንጣሮ፣ የጎርፍ መከላከያ ግንብ የሚባለው ነገር ሁሉ እኛ ዘንድ የወረቀት ጉዳይ መሆኑ የቀረው። አንድ ባለጉዳይ ወንዝ አጠገብ ሊገነባ የአካባቢ ተፅእኖ ጥናት ለምን እጠየቃለሁ ብሎ ሲያማርር እኔ የሱ ጠበቃ ሆኜ ቁጭ አድርጌ ያን ሌሊት ነግሬዋለሁ። ዲዛይኑን ቀየረ። ለዚህ አልተከፈለኝም፣ በየትኛውም መዝገብም የለም፣ ግን በስራ ዘመኔ ከሰራሁት ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ።

አንድ ነገር ቀረችኝ። ጎን ላይ ባለችው ሳጥን «የድሬዳዋ ክልል ፍርድ ቤት» ብላችኋል። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም፣ በአዋጅ 416/1996 ቻርተር ያላት፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግስት የሆነ ከተማ ናት፣ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃም ከፍተኛም ፍርድ ቤት እዚሁ ያስችላል። ይሄ ለጠበቃ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ፈቃድ ከማን ታወጣለህ፣ ይግባኝህ የት ይሄዳል የሚለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሐረር ስንሄድ ሌላ ፍርድ ቤት ነው፣ አንድ ሰአት ገደማ በሚፈጅ መንገድ ላይ ሁለት ስርአት ይዘን ነው የምንሰራው። ይቺን ለማጣራት አንድ ስልክ ይበቃ ነበር፣ ስልኬ ደግሞ ጋዜጠኛችሁ ጋ አለ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። እዛው ገፅ ላይ፣ በዛው የፊደል መጠን፣ «ከአዲስ አበባ ውጭ ስሙም አይታወቅም ያልነው ስህተት ነው» ብላችሁ አውጡ፣ የፍርድ ቤቱንም አርሙ። ልጁን አትቆጡብኝ፣ ወጣት ነው፣ ትህትናም አለው። ይልቅ በባቡሩም በአውቶብስም ላኩልኝ። የተሰበሩት ሶስት መስታወቶች ጄሶአቸውን እንደያዙ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፣ ቀኑም ይነበባል። ማክሰኞ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ የግንባታ መዝገብ አለኝ፣ ችሎቱ ግልፅ ነው፣ የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጥና ይስማ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ ጠበቃ