የመሪ ዘይት ሲያፈስ ፓምፕ ከመለወጡ በፊት የሚያፈስበት ቦታ ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ትራፊክ አደጋ በምታወጧቸው ጽሑፎች ፍጥነት፣ መጠጥና የአሽከርካሪ ድካም በተደጋጋሚ ሲነሡ አነባለሁ። ያረጁ መኪኖች የመሪ ዘይት ማፍሰስ ግን እስካሁን ሲጻፍበት አላየሁም። በእኔ መኪና ላይ የደረሰው በብዙ አንባቢዎቻችሁ መኪና ላይም የሚደርስ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ እንዲወጣልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መኪናዬ በ1997 እ.ኤ.አ. የተሠራች የጃፓን ሥሪት የቤት መኪና ናት። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ከግቢ ሳወጣት፣ ባደረችበት ሲሚንቶ ላይ ከአንድ ብር ሳንቲም የማይበልጥ ጠብታ አየሁ። በጣቴ ነክቼ ስመለከተው እንደ ሞተር ዘይት የጠቆረ ሳይሆን ቀጠን ያለና ቀይ ነበር። በሳምንቱ ጠብታው መዳፍ አከለ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ መሪውን ሳዞርም ከኮፈኑ ሥር የማቃሰት ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ኮፈኑን ከፍቼ የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያውን ስመለከት፣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ አረፋ ይዟል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ መካኒኩ ለአፍታ ጎንበስ ብሎ አየና «ፓምፑ ሞቷል» አለኝ። ሌላ ምርመራ አላደረገም። እኔም ሶማሌ ተራ ሄጄ ከብዙ ድርድር በኋላ ያገለገለ ፓምፕ ገዛሁ፤ ተገጠመ፤ በሦስተኛው ቀን ሲሚንቶው እንደገና ቀይ ሆነ። ስመለስ «እንግዲያው ከታች ያለው የመሪው ክፍል በሙሉ መለወጥ አለበት፤ ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ እየጨመሩ ይንዱ» ተባልኩ። በዚያው ሰዓት አንድ ወጣት ረዳት የጎደለውን ሊሞላልኝ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ይዞ ክዳኑን ሲከፍት አይቼ ደርሼ አስቆምኩት።

ችግሩን ያገኙልኝ በሰፈራችን ለረጅም ዓመታት በመካኒክነት የሠሩ አንድ አባት ናቸው። ስለ ዕቃ መግዛት ሳነሣባቸው አልሰሙኝም። መጀመሪያ በዘይትና በአቧራ የተለወሰውን ቦታ ሁሉ በሳሙና ውኃ አጥበው በጨርቅ አደረቁት። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞሉ፤ ከመኪናዋ ሥር ነጭ ካርቶን አነጠፉ፤ እኔን ሞተር አስነሥቼ መሪውን ቀስ እያልኩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳዞር አዘዙኝና ባትሪ አብርተው ከላይ ወደ ታች ይመለከቱ ጀመር። ጥቂት እንደቆዩ ጠሩኝ። ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሰው የጎማ ቱቦ ጫፍ በማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ፣ ከዚያ የወጣ ቀጭን ቀይ መስመር ቱቦውን ተከትሎ ወርዶ በፓምፑ ሆድ ላይ ይጠራቀማል፤ ወደ መሬት የሚንጠባጠበውም ከዚያ ነው። «ልጄ፣ ዘይቱ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ አንተ ደግሞ ወደ ላይ ተከተለው» አሉኝ። የፓምፑ ጥፋት፣ ከሚያፈሰው ቱቦ በታች መገኘቱ ብቻ ነበር። ዘይት የሚችል፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ተገዝተው ሥራው በአንድ ከሰዓት አለቀ፤ ወጪውም ለፓምፑ ካወጣሁት ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ይህን ያህል ዘርዝሬ የጻፍኩት ነገሩ የዕድል ጉዳይ ስላልሆነ ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራ መሪ ፓምፑን ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ያገናኛል፤ ፓምፑ ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት በአንድ ቱቦ ወደ ታችኛው የመሪ ክፍል ይልካል፤ ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ በሌላ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነ ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ስለዚህ ሊያፈስ የሚችለው ከብዙ ቦታ ነው፤ ከማጠራቀሚያው መጋጠሚያ፣ ከፓምፑ ዘንግ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ከሚዘጋው ጎማ)፣ የግፊት ቱቦው ጎማ ከብረት ጋር ከተያያዘበት አንገት፣ ከመመለሻው ቱቦ፣ ወይም ከታችኛው ክፍል። የመጨረሻው ሲሆን ዘይቱ በመሪው ዘንግ ጫፎች ላይ ባሉት የጎማ ሽፋኖች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሽፋኑ ሲነካ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሞተር ሙቀት ጎማን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ ይሰነጠቃል። በአሮጌ መኪና ላይ ቱቦና ማሰሪያ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለባቸው ለዚህ ነው።

«እየጨመሩ ይንዱ» የሚለው ምክር በተለይ ያሳስበኛል። ዘይቱ መሪውን ከማቅለሉም በላይ ፓምፑን ራሱን የሚያለሰልሰው እርሱ ነው፤ ዘይቱ ጎድሎ አየር የሚምግ ፓምፕ ውስጡ ይፋቃል፤ ሲፋቅ የሚወጣው የብረት ብናኝም ከዘይቱ ጋር እየዞረ ሌሎቹን ክፍሎች ይጎዳል። በጥቂት ብር ይዘጋ የነበረ ስንጥቅ በዚህ መንገድ ፓምፕ ያስለውጣል። ዘይቱ ፈጽሞ ሲያልቅ መሪው ከጎማዎቹ ባይለያይም እጅግ ይከብዳል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ መታጠፊያ ላይ መሪው በድንገት የከበደበት ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም፤ በተለይ አሽከርካሪው አቅሙ የደከመ አረጋዊ ከሆነ። ዘይቱ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቢያርፍ ደግሞ ሊጨስ፣ አልፎም ሊቀጣጠል ይችላል።

የሚጨመረው ዘይት ዓይነትም ችላ የሚባል አይደለም። የፍሬን ዘይት ለመሪ ዘይት የተሠሩትን ጎማዎች አሳብጦ ያላሽቃቸዋል፤ አንዴ ከገባ ሥርዓቱ በሙሉ መታጠብ፣ ብዙ ጊዜም ኦይል ሲሎቹ መለወጥ አለባቸው። እንደ እኔዋ በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ የጃፓን መኪኖች ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነውን ዴክስሮን የተባለውን ቀይ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ሆንዳ ግን የራሱን የመሪ ዘይት ያዛል። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ዓይነት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ክዳኑን ጠርጎ ማንበብ ብቻ ይበቃል። «ማፍሰስ ያቆማል» ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች የደረቀ ኦይል ሲልን ለጊዜው ያለሰልሱ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ግን አይደፍኑም። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ እዚያው ይዞ መቆየትም ግፊቱን እስከ ጫፍ ስለሚያደርሰው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ስናቆም ቶሎ መልቀቅ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለን ሰዎች ያለችንን አሮጌ መኪና ጠብቀን መያዝ የግድ ሆኖብናል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ።

የጋራዥ ባለሙያዎች፣ መለዋወጫ ግዙ ከማለታችሁ በፊት ቦታውን አጥባችሁ፣ ዘይቱ የሚወጣበትን ነጥብ ለባለቤቱ በዓይኑ አሳዩት። የባለቤቱ ጊዜ ቢሄድ እንኳ ይህ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ የማያስፈልግ ዕቃ ከማስገዛትም እጅግ የተሻለ ነው። ያንን ረዳት ግን አልወቅሰውም፤ የዘይቶቹን ልዩነት ማንም አላስተማረውም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ለሚመሩ ነው። መኪናዬ ዘይት እያንጠባጠበች በነበረበት በዚያው ሰሞን ለቦሎ ተመርምራ አልፋለች። መርማሪዎቹ ፍሬኗን፣ መብራቷንና ጭሷን አይተዋል፤ ከሥሯ የተመለከቱት ግን ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር፣ በግፊት የሚወጣውን ዘይት አላገኙም። ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ፣ ሌላው ከሥር በባትሪ ቢመለከት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ይህ አሠራር በምርመራው ውስጥ እንዲካተት የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ባለቤት
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ