የጭነት ተሽከርካሪ ፍሬን በባዶ አይመርመር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከባድ የጭነት ተሽከርካሪ ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ጭነቱን አራግፎና ለዕለቱ ተሰናድቶ ነው። በዚህ ሁኔታ የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ፣ ተሽከርካሪው አርባ ቶን ይዞ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ የሚያቆመው ፍሬን እንዳለው አያሳይም፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ይኸው ክፍተት ነው።

የመመርመሪያው ማሽን ጎማውን በሮለር እያሽከረከረ የፍሬኑን ኃይል ይለካል። ተሽከርካሪው ባዶ ሲሆን ግን ጎማው ሮለሩን የሚጫንበት ክብደት አነስተኛ ስለሆነ በጥቂት ኃይል ተቆልፎ ይንሸራተታል፤ ልኬቱም የፍሬኑ ሙሉ አቅም ሳይታይ ያበቃል። ሸራው፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር (ከበሮ መሰል ብረት) እየተጫነ የሚይዘው ልባስ፣ ያለቀበት ወይም የሸራውን ርቀት ከታምቡሩ የሚያስተካክለው ክፍል የላላበት ፍሬን በዚህ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ታምቡሩ በግለት እየሰፋ ከሸራው ስለሚርቅ፣ ቀድሞውንም የላላው ፍሬን አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ቢረግጠውም በበቂ ኃይል አይዝም። መፍትሔው ግን አዲስ አይደለም፤ ተሽከርካሪው ተጭኖ ይቅረብ፣ አለዚያም አክስሉን (ጎማዎቹ የተያያዙበትን ዘንግ) ወደ ታች በሚስብ መሣሪያ የጭነት ያህል ጫና እየተደረገበት ይለካ።

በትክክል የተካሄደ ምርመራም ቢሆን የሚመሰክረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ያወጣው መመሪያ፣ በየዓመቱ በመንገድ ላይ በድንገት የሚደረገው ምርመራ ከተመዘገቡት ከባድ የንግድ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ቢያንስ 5 በመቶ እንዲደርስ ግብ ያስቀመጠው ዓመታዊው ምርመራ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። አደገኛ ጉድለት የተገኘበት ተሽከርካሪ በገንዘብ ቅጣት ብቻ መለቀቅ የለበትም፤ ጉድለቱ እስኪወገድ ድረስ ከቆመበት መነሳት አይገባውም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ተጠያቂነቱ በአሽከርካሪው ላይ ብቻ ሲወድቅ ነው። ሸራ ይቀየርልኝ ብሎ የጠየቀና «ይህን ጉዞ ጨርስና እናየዋለን» የተባለ አሽከርካሪ፣ እምቢ ቢል እንጀራውን ያጣል፤ ቢሄድ ደግሞ የራሱንና የሌሎችን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ አሽከርካሪው ጉድለትን በጽሑፍ የሚያሳውቅበት መዝገብ በሕግ ይደንገግ፤ ተቆጣጣሪዎችም መዝገቡን ከባለንብረቱ ተቀብለው ይመርምሩ፤ ጉድለቱ ተነግሮት ሳያስጠግን ተሽከርካሪውን ያሰማራ ባለንብረትም በስሙ ይጠየቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ